መሬት ስትወርድ የትኛው ጥበብ አብሮህ ይወርዳል? ቴኳንዶ፣ ካራቴ፣ ውሹ፣ ጁዶና የአሸዋ ትግል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ የብራዚል ጁጂትሱ፣ ማለትም መሬት ላይ ወድቆ የሚታገሉበትን ጥበብ፣ በምንሠራበት ጠባብ አዳራሽ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ወጣት ሁሉ ጥያቄው ይመሳሰላል፤ «አራት ዓመት ቴኳንዶ ሠርቻለሁ፤ አሁን ከዜሮ ልጀምር ነው?» ሌላው ካራቴ ይላል፣ ሌላው ውሹ። አንዳንዱ ደግሞ «እኔ እንኳ ምንም አልሠራሁም» ብሎ ጥግ ይይዛል፤ ቆይቶ ሲጠየቅ ልጅነቱን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲታገል እንዳሳለፈ ይናገራል። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ልጆችና ገና ምንም ሳይጀምር «የቱን ልምረጥ?» ለሚል ሰው ነው። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው፤ እኔም እንደዚያው እቀጥላለሁ። አንቺም እህቴ ብዙው ነገር ላንቺም ይሠራል፤ ላንቺ ብቻ የምለውን ደግሞ ዝቅ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

አንድን ጥበብ ለመሬት ግብግብ ይጠቅማል አይጠቅምም ለማለት እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው ጨዋታው የት ላይ ያበቃል የሚለው ነው። በቴኳንዶ ሰው ሲወድቅ ዳኛው ያስቆማል፤ በኦሊምፒኩ ሕግ እንዲያውም የወደቀው ይቀጣል። በእኛ ትግል ጀርባ መሬት ከነካ አለቀ። በጁዶ በጀርባው ተይዞ 20 ሰከንድ ያልተላቀቀ ሰው ተሸንፏል። በብራዚሉ ጁጂትሱ ግን መውደቅ መጀመሪያ ነው፤ ጨዋታው የሚቆመው አንዱ «ተሸንፌያለሁ» ለማለት በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ወይም ሰዓቱ አልቆ ነጥብ ሲቆጠር ነው። ሰው የሚለማመደው ዳኛው «በቃ» እስከሚልበት ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለሁሉም ያልታረሰ መሬት ነው።

ሁለተኛው፣ በየቀኑ ልምምድህ ውስጥ እንቢ የሚል ሰው አለ ወይ? አየር የመታ እጅና የሚታገልህን ሰው የያዘ እጅ አንድ አይደሉም። ብቻህን የሠራኸው እንቅስቃሴ ምንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ሰው ወገብህን አቅፎ ሲገፋህ ምን እንደሚሰማ አይነግርህም።

ጁጂትሱ ራሱ ከዚህ የተወለደ ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ጁዶን ሲመሠርት ከድሮዎቹ የጃፓን የጁጁትሱ ትምህርት ቤቶች አካል የሚሰብረውን ለይቶ አስቀመጠና ቀሪውን ተማሪዎቹ በሙሉ ኃይላቸው እንዲገጣጠሙበት አደረገ። ከእሱ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ ቤሌም ከተማ ውስጥ ካርሎስ ግሬሲ የሚባል ወጣት አስተማረ። የግሬሲ ወንድማማቾች የመሬቱን ክፍል ይዘው አሰፉት። በ1951 ሪዮ ደ ጃኔሮ፣ ማራካኛ ስታዲየም ውስጥ ጃፓናዊው የጁዶ ጀግና ማሳሂኮ ኪሙራ የኤሊዮ ግሬሲን ክንድ ጠምዝዞ አሸነፈው፤ ዛሬ ድሬ ላይ ልጆች «ኪሙራ ያዝኩት» ሲሉ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። በ1993 ደግሞ ዴንቨር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የተለያየ ጥበብ ያላቸው ሰዎች በሚገጥሙበት ውድድር፣ ሮይስ ግሬሲ በአንድ ምሽት ከእሱ የሚከብዱ ሦስት ሰዎችን አሸነፈ። አንዱ ቦክሰኛ ነበር። በቡጢው ደካማ አልነበረም፤ ግን ሥራው የሚያበቃበት ቦታ ላይ የሮይስ ሥራ ይጀምር ነበር።

ቴኳንዶ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ በየሰፈራችን ያለው እሱ ነው፤ የማውቀውም እሱን ነው። ዘጠኝ ዓመት ቴኳንዶ ሠርቼ ነው ወደ ማት፣ ወደ ትግሉ ምንጣፍ፣ የወረድኩት። የመጀመሪያ ቀን አብሮኝ የሠራው ልጅ በኪሎ ከእኔ ያንስ ነበር። ጣለኝ፤ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ምንም ሳያደርግ ጠበቀኝ። ቆሜ ስጫወት ሦስት ዙር የማይከብደኝ ሰው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ዛለ። ምክንያቱ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሰው ሲጫነኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትንፋሼን ከምት ጋር አውጥቼ አውቃለሁ እንጂ፣ ሰባ ኪሎ ደረቴ ላይ ሆኖ ተንፍሼ አላውቅም ነበር።

ይህ የቴኳንዶ ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው፤ ሌላም አለ። ወደ ጎን ዞረን ነው የምንቆመው፤ ለመምታት ጥሩ ነው፤ ለሚይዝህ ሰው ግን የፊተኛውን እግርና ግማሽ ጀርባህን ሰጥተኸዋል። ዞረን የምንመታው ምት ደግሞ ቅጽበት ያህል ሙሉ ጀርባችንን ይሰጣል፤ በጁጂትሱ ከጀርባ መያዝ ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው፤ ለያዘው ሰው 4 ነጥብ ያስገኝለታል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አንገት ነው። አይቲኤፍ በሚባለው የቴኳንዶ ዘርፍ የሠራህ ከሆነ 24ቱን ፓተርን፣ ብቻህን የምትሠራቸውን የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተሎች፣ በጨለማ ትሠራቸዋለህ፤ እንቢ ባዩ ሰው ግን በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

አሁን የሚጠቅመውን። አንድ የቴኳንዶ ልጅ ከመምታቱ በፊት ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ይህን ሺህ ጊዜ ሠርቶታል። በጀርባህ ተኝተህ ሰው ሊጫንህ ሲመጣ በመካከላችሁ ቅልጥምህን የምታስገባበት እንቅስቃሴ ያው ነው። ጁጂትሱ ይህን በእግር አጥሮ የመከላከል ቦታ «ጋርድ» ይለዋል፤ እዚህ ቦታ እግርህ እንደ እጅ መሥራት አለበት፤ የቴኳንዶ ልጅ እግር ደግሞ ከሌላው ሰው እግር ይልቅ ይታዘዛል። በሁለት እግር አንገትና አንድ ክንድ ቆልፎ የማነቁን ስልት ያየሁት ከሁሉ ፈጥነው የሚይዙት ዳሌያቸው የተፈታ የቴኳንዶ ልጆች ናቸው። አንድ እግራቸው ሲያዝም ቶሎ አይወድቁም፤ በአንድ እግር መቆም ሥራቸው ነበርና።

ስለዚህ ቴኳንዶህን አትጣል። በቶኪዮው ኦሊምፒክ ሰሎሞን ቱፋ አገራችንን ወክሎ የተወዳደረበት ስፖርት ነው፤ የራሱ ክብርና የራሱ ዓለም አለው። ግን ወደ ማት ስትመጣ ቀበቶህን ቤት አስቀምጠህ ና። ጥቁር ቀበቶ ስላለኝ መታ ማድረግ ያሳፍረኛል ያለ ሰው ክርኑን ታሞ ይሄዳል።

ካራቴና ውሹ

ካራቴ ከውጭ ሲታይ ከመሬት ግብግብ ይርቃል። ካታው፣ ብቻህን የምትሠራው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ ውስጥ ግን የተደበቀ ነገር አለ። አንዱ እጅ ሲመታ ሌላው ወደ ዳሌ ተስቦ ይመለሳል፤ ብዙ ልጆች ይህን ለማማር የሚደረግ ይመስላቸዋል። ያ እጅ ባዶውን አይመለስም፤ የተጋጣሚን እጅጌ ወይም አንጓ ይዞ የሚጎትት እጅ ነው ብለው የሚያስተምሩ ማስተሮች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ እየታገለ፣ ይህን ጉተታ ከሠራችሁት ክንድ ጎትቶ ወደ ጀርባ የመዞሩ ስልት ግማሹ በእጃችሁ ነው። ብቻህን ከሠራኸው ግን ካታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰውነት በሰውነት ላይ በሙሉ ኃይል የሚመታበትን ኪዮኩሺን የሠራ ሰው ደግሞ መቻልን ይዞ ይመጣል፤ ሕመም አያስደነግጠውም። እዚያ ይዞ መታገል ክልክል ስለሆነ ግን እጁ መያዝን አያውቅም።

ውሹን በአጭሩ፦ ፎርም ብቻ ከሠራህ የምታመጣው መተጣጠፍን ነው፤ እሱም ቀላል ስጦታ አይደለም። የውሹን የግጥሚያ ዘርፍ፣ ሳንዳን፣ ከሠራህ ግን ሰው መጣል ታውቃለህ፤ ምት ይዞ እግር ማንሳትም ታውቃለህ። ከጣልክ በኋላ ዳኛው ስለሚለያያችሁ ከላይ ሆኖ መቆየትን አትችልም። ከቆመው ጥበብ ሁሉ ለመሬቱ የሚቀርበው ሳንዳ ነው እላለሁ።

ጁዶ

ጎበዝ የጁዶ አስተማሪ በአቅራቢያህ ካገኘህ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ዘግተህ ሂድና ተመዝገብ። ከመሬት ግብግብ ጋር ያለው ዝምድና የሥጋ ነው። ችግሩ ቴኳንዶ በየሰፈሩ ሲገኝ ጁዶ ፍለጋ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

ጁዶ ከሁሉ በፊት የሚያስተምርህ መውደቅን ነው። አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ በክንድ መሬቱን መትቶ፣ ትንፋሽ አውጥቶ መውደቅ። ይህን የማያውቅ ሰው ሲጣል እጁን ይዘረጋል፤ አንጓው ወይም ክርኑ ይሄዳል። ቀጥሎ ጨርቅ መያዝ፣ መጣል፣ ከላይ ሆኖ መጫን፣ ማነቅ፣ ክርን መቆለፍ። የጁዶ ልጅ ማት ላይ ከዜሮ አይጀምርም።

ግን እሱም ዳኛው «በቃ» የሚልበትን ቦታ ተሸክሞ ይመጣል። በጁዶ ስትወድቅ በሆድህ ተኝተህ ኩርምት ካልክ ዳኛው ጥቂት አይቶ ያስነሳችኋል፤ መከላከያ ነው። ጁጂትሱ ላይ የሚያስነሳህ የለም፤ ኩርምት ያለ ሰው ጀርባውን አሳልፎ ሰጥቷል። በጁዶ መሬት ላይ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ልጆቹ ይጣደፋሉ፤ ቀስ ብሎ ቦታ እያሻሻሉ መሄድ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻቸዋል። የውድድር ሕጉም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በእጅ እግር መያዝን እየገደበ በ2013 ጨርሶ ስለከለከለው፣ ወጣቶቹ እግር ለመያዝ ዝቅ ብሎ የሚገባባቸውን ሰው መከላከል ይጠፋባቸዋል። ያለ ጂ (ወፍራሙ የትግል ልብስ)፣ በቁምጣና በቲሸርት ሲሆን ደግሞ የለመዱት መያዣ ከእጃቸው ይጠፋል። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ወራት የሚታረሙ ናቸው።

የአሸዋ ትግል

አሁን ማንም እንደ ጥበብ ወደማይቆጥረው ልምጣ። እኛ ትግል እንላለን፤ በኦሮምኛ ወልአንሶ፣ በሶማሊኛ ለግደን ነው፤ ድሬ ላይ ሦስቱም ስም በአንድ አሸዋ ላይ ይጠራል። ቀበቶ የለው፣ ፓተርን የለው፣ ማስተር የለው። በባህል ስፖርት ውድድሮች ከገና ጨዋታ፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ሕግ ወጥቶለት ይካሄዳል፤ ብዙዎቻችን ያየነው ግን በሰፈር ነው። «ምንም አልሠራሁም» ብሎ ጥግ የሚይዘው ልጅ የሠራው ይህን ነው፤ እሱን ማት ላይ ሳየው ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም ሁለቱም መለኪያዎቼ ላይ ይቆማል። እንቢ የሚል ሰው? ትግል ከእሱ ሌላ ምንም የለውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያቅፍህ ሰው ሊጥልህ ነው። አሸዋ ደግሞ አስተማሪ ነው። እግርህ ይሰምጣል፤ ቀጥ ብለህ ከቆምክ ትወድቃለህ፤ ዳሌህን ዝቅ ማድረግን ማንም ሳይነግርህ ትማራለህ። በጠለፋ መጣልን፣ ወገብ ይዞ ማንሳትን፣ ሲያነሱህ እግርን ከእግር ጋር ቆልፎ መክበድን ሰውነትህ ያውቀዋል። የቴኳንዶ ልጅ ሲያዝ የሚደነግጥበት ቅርበት ለአሸዋው ልጅ ቤቱ ነው። ሐረር ዙሪያ ካሉት መንደሮች ከሚመጡ ልጆች ጋርም ሠርቻለሁ፤ ሸክምና ዶማ የለመደ እጅ አንዴ አንጓህን ከያዘ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ክፍተቱም ግልጽ ነው። ከሰፈር ትግል የሚመጣ ልጅ ሁሉ አንገት ይይዛል። በብብቱ አንገት ቆልፎ ጎትቶ መጣል የልጅነት ድሉ ነው። አሸዋ ላይ ጣለ፣ አሸነፈ፣ ተነሳ። ማት ላይ ግን አንገትህን ይዞ ከጎንህ የወደቀ ሰው ክንዱ አንገትህ ላይ ስለታሰረ ጀርባው ክፍት ነው። ጭንቅላትህን ከብብቱ ስበህ ስታወጣ ከኋላው ትገኛለህ። ይህን ልማድ ማስተው ወራት ይወስዳል፤ ሌላ ነገር ሁሉ ሲጠፋው እጁ ወደ አንገት ይሄዳልና።

ሁለተኛው፣ ጀርባውን ይፈራል። ጀርባ የነካ ተሸናፊ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ሲወድቅ በደመነፍሱ በሆዱ ይገለበጣል፤ ሽንፈት ያመለጠ እየመሰለው ወደ ከፋው ቦታ ይሄዳል። ጁጂትሱ በጀርባህ ተኝተህ መዋጋትን ያስተምርሃል፤ ይህ ለአሸዋው ልጅ የአእምሮ ለውጥ ነው እንጂ የጡንቻ አይደለም። ሦስተኛው፣ ከጣለ በኋላ ይላላል። ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እነዚህን ሦስቱን ያረመ የሰፈር ታጋይ በስድስት ወር ውስጥ ከእኔ ዓይነቱ የብዙ ዓመት ቴኳንዶ ሠሪ እኩል ሲቆም፣ ሲያልፍም አይቻለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ ደቻቱ ላይ መታገል ከፈለጋችሁ በበጋ ይሁን። በክረምት እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይደርሳል። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይህን ደግሞ መስማት አያስፈልገውም፤ ልጆቹ ግን አላዩትም።

እንግዲህ የቱን?

ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ላይ ከሆንክና ማስተርህን የምትወድ ከሆነ እዚያው ቆይና በሳምንት ሁለት ቀን መሬት ጨምር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለሁለት ነገር ብቻ ስጣቸው፦ ደረትህ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዳሌህን አንስተህ ገልብጠህ መውጣት፣ እና በጎንህ ሆነህ ዳሌህን ወደ ኋላ እየሳብክ ጉልበትህን መልሰህ ማስገባት። ማነቅና መቆለፍ በኋላ ይመጣል።

ምንም ያልጀመርክና ዓላማህ የመሬት ግብግብ ብቻ ከሆነ በሌላ ጥበብ ማለፍ አያስፈልግህም፤ በቀጥታ ናና ጀምር። መሬቱን ከሌላ ጥበብ ጋር ማጣመር ካማረህ ጁዶ ይቅደም፤ እሱ ከጠፋ የሰፈር ትግል፤ ከዚያ ሳንዳ፤ ከዚያ ቴኳንዶና ካራቴ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ልጅ ግን ቅደም ተከተሌ ይለወጣል። መውደቅ፣ መንከባለልና ጨዋታ ያለበት ትግል ይበቃዋል፤ ጥሩ ሥነ ሥርዓት ያለው የቴኳንዶ ቤትም ደህና ጅምር ነው። ማነቂያና መገጣጠሚያ መቆለፍ ለዚያ ዕድሜ ገና ነው።

አንቺ እህቴ፣ ካየሁት ሁሉ ለሴት ልጅ የመሬቱን ያህል የሚጠቅም ጥበብ የለም፤ የሚከብድ ሰው ላይሽ ሆኖ እንኳ መሥራት የሚቻልበትን ቦታ ያስተምራልና። ግን መነካካት ያለበት ስፖርት ነው፤ ድሬና ሐረር ላይ ይህ ለቤተሰብም ለራስሽም ጥያቄ ይሆናል፤ መሆኑም ትክክል ነው። ሴት ከሴት ጋር የምትሠራበት ሰዓት አለ ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ሙሉ እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና በመርፌ ያልተያዘ የስፖርት ሒጃብ ለሥራው አያግድም። ጥያቄሽን ያቃለለ አሠልጣኝ ካጋጠመሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ቤቱን ስትመርጥ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥና የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ተመልከት። እውነተኛ ግጥሚያ አለ ወይስ ሁሉም በስምምነት ነው የሚወድቀው? መታ ሲደረግ ወዲያው ይለቀቃል? አንገት ላይ በትክክል የተያዘ ማነቂያ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ስለሚያግድ ሰው በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ሊስት ይችላል፤ መታ ሲባል አንድ ሰከንድ የሚያቆይ ሰው ያለበት ቤት አትግባ። ለጀማሪ ተረከዝ መጠምዘዝ የሚያስተምርም አትጠጋ፤ ሕመሙ ሳይሰማህ የጉልበትህ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። በዩትዩብ መማር ለማምለጫዎቹ ደህና ነው፤ የእግር ቁልፍ ግን ከስልክ አይማሩትም። ማቱን በምን እንደሚያጥቡትም ጠይቅ። በላብ የራሰ ማት በየቀኑ በበረኪና ካልታጠበ ጭርት በሳምንት ውስጥ ቤቱን ይዞረዋል።

የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ የእጅህንም የእግርህንም ጥፍር ቁረጥ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ ንጹሕ ፎጣና ሁለት ሊትር ውኃ ያዝ። ሐረር ከሆንክ አየሩ ስለሚራራልህ ከሰዓት በኋላም ይሠራል። ድሬ ከሆንክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ተገኝ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሙቀቱ አያስቆምም።